ፋኑ የሚጮኸው ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ነው

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂያችን አዲስ አበባ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ይሠራሉ። ያገለገለ ዴስክቶፕ አላቸው፤ ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠራው ዋናው ቺፕ፣ 65 ዋት ከሚባሉት ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ሥራ ሲበዛ ፋኑ ደንበኛ እስኪረበሽ ድረስ ይጮህ ጀመር። አዲስ ፋን ገዝተው ቀየሩ። ድምፁ ግን ባሰበት፤ አሁን ኮምፒውተሩ ከተከፈተ ጀምሮ እስኪዘጋ ድረስ ይጮኻል። አንዱ ባለሙያ የጎኑን ክዳን አውልቀው ይሥሩ አላቸው፤ ሌላው ሂትሲንኩን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ላይ ተጭኖ ሙቀቱን የሚወስደውን ብረት፣ በትልቅ ይቀይሩት አላቸው። ጥያቄያቸውም «ሂትሲንክ በትክክል ሥራው ምንድን ነው? መቀየርስ አለብኝ ወይ?» የሚል ነው።

ሂትሲንኩን ለጊዜው አይግዙ። ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ፤ አብዛኛዎቹም ካቻቢቴ፣ ብሩሽና አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው የሚጠይቁት።

ከጻፉልኝ ውስጥ ትልቁ ፍንጭ «ድሮ ሥራ ሲበዛ ብቻ ነበር፣ አሁን ሁልጊዜ ነው» ያሉት ነው። እኔ ይህን ሳነብ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ይታዩኛል። የመጀመሪያው የሙቀት ችግር ነው፤ ፋኑ ሲቀየርም እዚያው ቀርቷል። ሁለተኛው ከአዲሱ ፋን ጋር አብሮ የመጣ ይመስለኛል።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ቶሎ ያልቃል። ኮምፒውተሩን አጥፍተው፣ ገመዱን ነቅለው፣ ከአዲሱ ፋን የሚወጡትን ሽቦዎች ይቁጠሩ። ሦስት ናቸው አራት? አራተኛው ሽቦ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ለፋኑ «ቀስ በል፣ ፍጠን» እያለ ትእዛዝ የሚያስተላልፍበት ነው። ባለሦስት ሽቦ ፋን ባለአራት ፒን መሰኪያ ላይ ይገባል፤ ይሠራልም። ነገር ግን ትእዛዙን የሚሰማበት ሽቦ የለውም። ማዘርቦርዱ በአራተኛው ፒን ብቻ የሚያዝ ከሆነ ፋኑ 12 ቮልቱን ሙሉ እየተቀበለ ባለ በሌለ ኃይሉ ይሽከረከራል። ፕሮሰሰሩ ቢቀዘቅዝም ባይቀዘቅዝም ለእሱ ያው ነው። አንዳንድ ማዘርቦርድ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ ላይ፣ የፋን መቆጣጠሪያ አለው፤ እዚያ ገብተው ከፒደብልዩኤም (በአራተኛው ሽቦ ማዘዝ) ወደ ዲሲ (በቮልቴጅ ማዘዝ) ከቀየሩት ቮልቴጁን ቀንሶ ያዘገየዋል። ምርጫው ከሌለ ባለአራት ሽቦ ፋን መግዛት ነው፤ ስፋቱም ውፍረቱም ከድሮው ጋር እኩል ይሁን። የድሮውን ካልጣሉት ደግሞ መልሰው ይግጠሙት። ምንም ያልነበረበት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የድሮው ፋን ለምን ጮኸ? ማዘርቦርዱ ስላዘዘው ነው። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሙቀት የሚለካ ነገር አለ፤ ንባቡ ከፍ ሲል ማዘርቦርዱ ፋኑን ያፈጥነዋል። ስለዚህ የሚጮኽ ፋን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ፋን ነው። መጠየቅ ያለበት «ሙቀቱ መንገድ ላይ የት ተያዘ?» ተብሎ ነው። ይህን ለመመለስ ሙቀቱ የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የሂትሲንክ ጥያቄዎም መልሱ እዚሁ ውስጥ ነው።

ፕሮሰሰር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። 65 ዋት ሲባል ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የሬዲዮ ጠጋኞች የሚይዙት የ60 ዋት መበየጃ በዚያው ጉልበት እርሳስ ያቀልጣል። ፕሮሰሰሩ ያንን ሁሉ ሙቀት የሚያወጣው ጥፍር ከምታህል የሲሊከን ቁራጭ ነው። ያለ ሂትሲንክ ቢበራ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሙቀቱ ጣሪያ ይነካና ራሱን ያጠፋል።

ሂትሲንክ ቅዝቃዜ አያመነጭም። ሥራው ሙቀቱን ከጠባብ ቦታ ወስዶ ሰፊ ቦታ ላይ መበተን ነው። አየር ሙቀትን የሚቀበለው በጣም በዝግታ ስለሆነ ብዙ የብረት ገጽ ያስፈልገዋል። ለዚያ ነው ሂትሲንክ በስስ ላሜራዎች የተሞላው። እነዚያ ላሜራዎች ፊን ይባላሉ፤ ቢዘረጉ ከፕሮሰሰሩ ጋር የማይወዳደር ስፋት ይሆናሉ። ፋኑ የሚያደርገው በፊኖቹ መካከል የሞቀውን አየር ገፍቶ ቀዝቃዛውን ማስገባት ብቻ ነው። ስለዚህ ሂትሲንክ ክፍሉ ውስጥ ካለው አየር በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም። ክፍልዎ 22 ዲግሪ ከሆነ ወለሉ 22 ነው፤ ከዚያ በላይ ስንት ዲግሪ ይወጣል የሚለውን ነው የምንቆጣጠረው።

ባለሙያዎች ይህን በዲግሪ በዋት ይለኩታል። ለምሳሌ ከፕሮሰሰሩ እስከ ክፍሉ አየር ያለው መንገድ በጠቅላላ ለእያንዳንዱ ዋት ግማሽ ዲግሪ ይጨምራል እንበል። 65 ዋት ሲሆን 32.5 ዲግሪ ይጨምራል፤ በ22 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ፕሮሰሰሩ ወደ 55 ይደርሳል ማለት ነው። ደህና ነው። አሁን አቧራ ፊኖቹን ዘግቶ ቁጥሩ 0.9 ቢደርስስ? ጭማሪው 58.5 ይሆናል፤ ፕሮሰሰሩም ከ80 ያልፋል። ሥራው አልተለወጠም፣ ፕሮሰሰሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መንገዱ ነው።

የመንገዱ ደካማ ቦታ የቱ እንደሆነ ለማየት አንድ የሙቀት ማስተላለፍ መለኪያ እንመልከት፤ ቁጥሩ በበለጠ መጠን ሙቀት በቀላሉ ያልፋል። መዳብ በዚህ መለኪያ ወደ 400 ገደማ ነው። አሉሚኒየም 200 አካባቢ ነው። ፕሮሰሰሩና ሂትሲንኩ መካከል የሚቀባው ቴርማል ፔስት እንደየጥራቱ ይለያያል፤ 5 ብንለው ከእውነቱ አንርቅም። አየር ደግሞ 0.026 ነው። ሁለት ብረቶች ለዓይን ለስላሳ ቢመስሉም ሲገጣጠሙ በመካከላቸው የማይታዩ ጎድጓዶች ይቀራሉ፤ ጎድጓዶቹም አየር ይይዛሉ። ፔስቱ ያንን አየር አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል። ከአየር ወደ 200 እጥፍ ይሻላል፤ ከመዳብ ግን 80 እጥፍ ያንሳል። «በደንብ ይቀባ» ብለው እንደ ቅቤ የሚለድፉ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ወፍራም ፔስት ራሱ እንቅፋት ይሆናል። መሐል ላይ ትንሽ የአተር ፍሬ የምታህል ጠብታ ይበቃል፤ ሂትሲንኩ ሲጫን ራሱ ያሰፋታል። በጥርስ ሳሙና የሚተኩም አሉ። ለጊዜው የሚሠራ ይመስላል፤ ውሃው ሲደርቅ ግን ይሰነጣጠቅና አየሩ ይመለሳል። እባክዎ ይህን ማንም እንዲያደርግብዎ አይፍቀዱ።

እንግዲህ የእርስዎ ሙቀት የት እንደተያዘ እንፈልግ። ኮር ቴምፕ ወይም ኤችደብልዩ ሞኒተር የሚባሉ፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት በዲግሪ የሚያሳዩ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ አንዱን ይጫኑ። መጀመሪያ ግን የዊንዶውሱን ታስክ ማናጀር ከፍተው ምንም ሳይሠሩ ፕሮሰሰሩ ስንት በመቶ እንደተያዘ ይዩ። ምንም ሳይነካ ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚል ከሆነ ቫይረስ ወይም ከጀርባ የተቀመጠ ፕሮግራም እየበላው ነው። ያን ጊዜ ብሩሽም ፔስትም አይፈታውም። ከእጅ ወደ እጅ በሚሄድ ፍላሽ ዲስክ የሚሠራ የኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

እሱ ንጹሕ ከሆነ ከባድ ሥራ ያስጀምሩትና ቁጥሩን አፍጥጠው ይዩ። ስንት ደረሰ ከሚለው ይልቅ በምን ፍጥነት ደረሰ የሚለው ብዙ ይናገራል። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከ45 ወደ 95 ከዘለለ ሙቀቱ ሂትሲንኩ ላይ አልደረሰም። ሂትሲንክ ብዙ ብረት ስለሆነ ለመሞቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ከዘለለ ግንኙነታቸው ተቋርጧል ማለት ነው። ወይ ፔስቱ ደርቋል፣ ወይ ከሂትሲንኩ ማሰሪያ አንዱ ለቋል። ቁጥሩ ቀስ እያለ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ላይ የሚሳብ ከሆነ ግን ሙቀቱ ሂትሲንኩ ላይ ደርሷል፤ ከዚያ የሚወስደው አየር ነው የጠፋው። ያ አቧራ ወይም የኬዝ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) መታፈን ነው። ሦስተኛው ደግሞ ቁጥሩ 50 ላይ ተረጋግቶ ፋኑ ሲጮኽ ነው፤ ይህ ከላይ ያልኩት የሽቦና የባዮስ ጉዳይ ነው። እርስዎ ጋ ሦስተኛው ከመጀመሪያዎቹ ከአንዱ ጋር ተደርቦ የሚገኝ ይመስለኛል።

ሥራ ላይ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ከሆነ አያሳስብም። ብዙዎቹ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። «ፎቶ ሳስተካክል ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል» የሚሉ ሰዎች ራም ከመግዛታቸው በፊት ይህን ቢያዩ ጥሩ ነው።

ቁጥሩ ቀስ ብሎ ከወጣ ፋኑን ከሂትሲንኩ ላይ ያንሱት። ፋኑን ሲቀይሩ ሥሩን አይተውት ነበር? አቧራ የሚጠራቀመው በፋኑና በፊኖቹ መካከል ነው። እንደ ሱፍ ተደቃቅቶ ምንጣፍ ይሠራል። ከላይ ሆነው በፋኑ ምላሶች መካከል ቢያዩ ላይታይ ይችላል። ሱቅዎ መንገድ ዳር ከሆነ፣ ወይም ውስጥ ቡና የሚፈላና እጣን የሚጨስ ከሆነ አቧራው ይጣበቃል፤ በእፍታ አይለቅም። እጣኑን ይተዉ አልልም። ኮምፒውተሩን ከረከቦቱ ራቅ አድርገው ያስቀምጡት፣ በየሦስት ወሩም ይጠርጉት።

አጠራረጉ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብዙ ሰው ኬዙን ተሸክሞ ጎሚስታ ቤት ይሄዳል። የጎሚስታ ኮምፕረሰር አየር ብዙ ጊዜ ውሃና ዘይት ይዞ ይወጣል፤ ግፊቱም ኃይለኛ ስለሆነ ፋኑን ከአቅሙ በላይ አሽከርክሮ ቋቱን፣ ማለትም የሚዞርበትን መሐል፣ ይጎዳዋል። ለስላሳ የቀለም ብሩሽና የእጅ ንፋሽ ይሻላል። ምላሶቹን በጣት ይዘው ይጥረጉ፤ ፋኑ አይሽከርከር። ከመጀመርዎ በፊት ገመዱን ነቅለው የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፤ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። ፓወር ሰፕላዩን (ኤሌክትሪኩን ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) ግን አይፍቱት። ተነቅሎም ውስጡ ኤሌክትሪክ ይዘው የሚያቆዩ ካፓሲተሮች አሉ፤ ሰው ይጎዳሉ። በወንፊቱ በኩል በብሩሽ ይጥረጉለት፣ ይበቃል።

ቁጥሩ የዘለለ ከሆነ ደግሞ ሂትሲንኩ መነሳት አለበት። ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ አብርተው አሙቁት፣ ከዚያ አጥፍተው ነቅለው ይጀምሩ። የሞቀ ፔስት ይላላል። ደረቁን በግድ ከሳቡት በተለይ በአንዳንድ ኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ ፕሮሰሰሩ ራሱ ከነፒኑ ተነቅሎ ይመጣል። ሂትሲንኩን ወዲህና ወዲያ በትንሹ እያዞሩ ያላቁት። የድሮውን ፔስት በአልኮል ያጽዱ። ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል ከተገኘ ጥሩ ነው፤ የመድኃኒት ቤቱ 70 በመቶም ይሆናል፣ እስኪደርቅ ብቻ ይጠብቁ። ቤንዚንና አሴቶን አይጠቀሙ።

ኢንቴል ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚሸጠው ክብ ሂትሲንክ ከሆነ አራት የፕላስቲክ እግሮች አሉት። ለማውጣት እያንዳንዱን ራስ በላዩ ባለው ቀስት አቅጣጫ አዙረው ወደ ላይ ይስቡ። ለመግጠም ወደ ቦታው መልሰው ያዙሩና በሰያፍ የሚተያዩትን ሁለት ሁለት እያደረጉ «ቀጭ» እስኪል ይጫኑ። ከዚያ ማዘርቦርዱን ከጀርባው ይዩት፤ የአራቱም ነጭ ጫፎች ወጥተው፣ በመሐላቸው ጥቁሩ ፒን ገብቶ መታየት አለበት። እኔ ሂትሲንክ የተቀየረበት ኮምፒውተር ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። አንድ እግር ብቻ ካልገባ ሂትሲንኩ ይዘምማል፣ በአንድ በኩልም አየር ይገባል። ከዚያ በኋላ ፋኑ የቱንም ያህል ቢሮጥ ዋጋ የለውም።

ፍጥነትና ድምፅ ያላቸውን ዝምድና ማወቅም ይጠቅማል። የአንድ ፋን ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን ድምፁ ወደ 15 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። ለጆሯችን 10 ዴሲቤል ጭማሪ በግምት እጥፍ ሆኖ ይሰማል፤ ስለዚህ 15ቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። የሚገኘው ቅዝቃዜ ግን በዚያ ልክ አያድግም። ሙቀቱን በጩኸት ማሸነፍ ውድ ነው። መንገዱን ማጽዳት ርካሽ ነው።

ለአዲስ አበባ ሰው የሚጨመር ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ከ20 እስከ 25 በመቶ ይሳሳል። ፋኑ በያንዳንዱ ዙር የሚገፋው መጠን ያው ነው፤ በውስጡ ያለው አየር ግን ትንሽ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። ብዙ የሰርቨር አምራቾች ለዚህ ብለው ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደውን የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ ዝቅ ያደርጋሉ። በዚያ ስሌት አዲስ አበባ 5 ዲግሪ ትከፍላለች። ደግነቱ ክፍሎቻችን ቀዝቃዛ ናቸው። ድሬዳዋ ያለ ሰው ከእኛ የወፈረ አየር ቢያገኝም 35 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ሲሠራ ጭማሪው በቀጥታ ፕሮሰሰሩ ላይ ይደመራል። በነገራችን ላይ ትልልቆቹ ሂትሲንኮች ያላቸው የመዳብ ቱቦ ከፍታ አይነካውም። በውስጡ ጥቂት ውሃ አለ፤ አየሩ ወጥቶ ስለታሸገ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ይተናል፣ ፊኖቹ ጋ ሲደርስ ወደ ፈሳሽ ይመለሳል፣ እየተመጠጠም ወደ ፕሮሰሰሩ ይወርዳል። በጣም የማደንቀው ሥራ ነው። ሞተር የለው፣ ድምፅ የለው።

ክዳኑን አውልቀው ይሥሩ የተባለውን እኔ አልደግፍም። ለምርመራ ግን ጥሩ ነው። ለ10 ደቂቃ አውልቀው ቁጥሩን ይዩ፤ በ10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ኬዙ ታፍኗል። ከዚያ ክዳኑን መልሰው ምክንያቱን ይፈልጉ። ኬዙ ጠረጴዛው ሥር ሳጥን ውስጥ ተወትፎ ይሆናል። ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይሆናል። ላዩ ላይ ዳንቴል ለብሶ ከሆነም ዳንቴሉ ለሌላ ዕቃ ይሁን። ቢሮ ውስጥ በሚሠሩ አንዳንድ ኮምፒውተሮች ደግሞ ሂትሲንኩን የሚሸፍን የፕላስቲክ መተላለፊያ አለ፤ ከውጭ ንጹሕ አየር በቀጥታ ወደ ፊኖቹ የሚያመጣ ነው። ጠጋኞች «ትርፍ ነው» ብለው ይጥሉታል። ትርፍ አይደለም፤ እርስዎ ጋ ከጠፋ ጠጋኙን ይጠይቁት።

እስካሁን የተናገርኩት እንደ ንፋስ ስለሚሰማው ድምፅ ነው። ሌላ ዓይነት ድምፅ ከሆነ መነሻውም ሌላ ነው። ወረቀት እንደ ቱቦ ጠቅልለው አንዱን ጫፍ ጆሮዎ ላይ፣ ሌላውን ወደየፋኑ እያስጠጉ ያድምጡ፤ ጣትም ፀጉርም አያስጠጉ። ጠዋት ሲከፈት «ክርርር» ብሎ እየሞቀ ሲሄድ የሚቀንሰው የፋኑ ቋት ማለቁን ነው። ተለጣፊውን አንስተው አንድ ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት ቢያደርጉ ለጊዜው ይሻለዋል፤ የምግብ ዘይት ግን ይጣበቃል። «ታክ ታክ» የሚለው ሽቦ ምላሱን እየነካ ነው። ኬዙን በእጅ ሲጫኑት የሚጠፋ ጥዝታ የላላ ብሎን ወይም የሃርድ ዲስክ ንዝረት ነው።

ትልቅ ሂትሲንክ ይጠቅማል? ይጠቅማል። ብዙ ፊን ካለ ፋኑ ዝግ ብሎ ያንኑ ሙቀት ያወጣል። ነገር ግን ኬዝዎ ቀጭን ከሆነ ቁመቱ ክዳኑን አያዘጋም፤ የእግሮቹም ክፍተት ከማዘርቦርዱ ጋር መግጠም አለበት። ለ65 ዋት ፕሮሰሰር አብሮት የተሠራው ንጹሕ ከሆነ ያስኬደዋል። ከዚያ ይልቅ ነፃ የሆነ ነገር ልንገርዎ። ዊንዶውስ ውስጥ የኃይል አጠቃቀም ምርጫዎች ገብተው ከፍተኛውን የፕሮሰሰር መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ ዝቅ ያድርጉት። በብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ላይ ይህ ተርቦ የሚባለውን ተጨማሪ ፍጥነት ያጠፋል። ለጽሕፈት ሥራ ልዩነቱ አይታወቅዎትም፤ ሙቀቱ ግን በግልጽ ይወርዳል።

መጀመሪያ ሽቦዎቹን ይቁጠሩ፣ ቀጥለው ቁጥሩ የሚወጣበትን ፍጥነት ይዩ፣ ከዚያ ፋኑን አንስተው ሥሩን ይመልከቱ። ይህን ሁሉ ጨርሰው ሥራ ላይ አሁንም ከ85 በላይ ከሆነ ሳይሠራና ሲሠራ ያነበቡትን ቁጥር፣ የፕሮሰሰሩን ስምና የሂትሲንኩን ፎቶ ይላኩልኝ። ያን ጊዜ የትኛው ትልቅ ሂትሲንክ ኬዝዎ ውስጥ እንደሚገባ አብረን እንለካለን።